ጋን ውስጥ የታሸገው ሌሊት

ቆይ፣ ቆይ፣ ትንፋሼ ይመለስ። እጄን እዩት፣ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ። እናንተ ምን አለባችሁ፤ ደረጃው ጥግ ተደብቃችሁ «ቧ» ያላችሁት እናንተ፣ ልቤ ሊወጣ የደረሰው እኔ። መብራት በጠፋ ቁጥር ይሄ ደረጃ ለኔ ጉድጓድ ነው። የገዛሁት ዳቦ እንኳን ከእጄ አምልጦ እየተንከባለለ ታች ወርዷል። እማዬ የት አደረግሽው ስትለኝ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

እሺ ተቀመጡ። ተረት ካልነገርኳችሁ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ። ያፌት፣ ጠጋ በልና ለሌሎቹ ቦታ ስጥ። ሶስና፣ የእናትሽን ስልክ ባትሪ አጥፊው። ዓይኔ ውስጥ እኮ ነው የምታበሪው።

አምና ቢሆን እምቢ ብያችሁ እሮጥ ነበር። አምና ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምለው ለራሴ ብቻ ነበር፣ አስተማሪው ቀሪ ብለው ያልፉኛል። ዛሬ ግን የአማርኛ አስተማሪያችን ብርሃንና ጨለማ ተረት ውስጥ ምን ይሠራሉ ብለው ሲጠይቁ እጄን አወጣሁ። አዎ፣ እኔ። ተነስቼ መለስኩ። ምን ብለሽ አትበሉኝ፣ በተረት ነው የመለስኩት። ያንኑ ነው አሁን የምነግራችሁ።

ተረት ተረት።

«የመሰረት።»

ይሄ ምንድነው? የታመመ ሰው መሰላችሁ እኮ። ከሆዳችሁ በሉ እንጂ። ተረት ተረት።

«የመሰረት፣ መብራት የጠፋበት።»

ያፌት ነው የጨመራት። ትሁን፣ ጥሩ ናት።

በድሮ ጊዜ ጨለማ የሚፈራ ንጉሥ ነበረ። መፍራት ነውር የለውም፣ እኔም እፈራለሁ። የሱ ክፋት ሌላ ነው። እሱ ስለፈራ አገሩ በሙሉ ጨለማ እንዳያይ ፈረደ። ጠንቋይ አስጠራና «ሌሊትን ይዘህ አምጣልኝ» አለው። ጠንቋዩ ሲመሽ ሜዳ ላይ ወጣ። ሌሊትን ከዳር ይዞ እንደ ብርድ ልብስ አጠፈው፣ አጠፈው፣ አጠፈው። ትልቅ ጋን ውስጥ ከተተው። አፉን በጭቃ መረገው። ንጉሡም ጋኑን ዙፋኑ ስር አስቀመጠና ተቀመጠበት።

ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር አልመሸም። ፀሐይ እንደተሰቀለች ቀረች። አውራ ዶሮዎች መቼ እንደሚጮሁ ጠፋባቸው፤ ዝም ብለው ሲጮሁ፣ ሲጮሁ ድምፃቸው ተዘጋ። ሕፃናት እንቅልፍ አጥተው ያለቅሳሉ። እናቶች ሕፃናቱን አቅፈው ያለቅሳሉ። «ደህና እደሩ» የሚል ሰው ጠፋ፣ ማን አድሮ?

ለንጉሡ ይሄም አልበቃውም። ጥላ የሚባል ነገር እንዳላይ ብሎ አዳራሹን በፋኖስ ሞላው። በግራ ፋኖስ፣ በቀኝ ፋኖስ፣ ጠረጴዛው ስር ሳይቀር ፋኖስ። በእጁ ደግሞ አንድ ኩራዝ ይይዛል። ሲበላም አያስቀምጠውም። ወጥ ውስጥ እየነከረው አሽከሮቹ ተቸገሩ።

ከዚያ ምን ሆነ? ከዚያ ሰለቸው። በዚያ አገር ተረት የሚነገረው ከመሸ በኋላ ብቻ ነው። በቀን የተረተ ሰው ጭራ ይበቅልበታል ይባላል። ስለዚህ ሌሊት ሲታሰር ተረትም አብሮ ታሰረ። ንጉሡ ደግሞ ተረት አማረው። ጭራው እንደሆነ የሚበቅለው እኔ ላይ አይደለም አለና ተረት አዋቂዎችን ከየመንደሩ አስለቀመ። ፀጉሬን የሚያቆም፣ ልቤን የሚያባባ ተረት ንገሩኝ አላቸው።

አንዱ መጣ። ስለ ጅብ ተረተ። ንጉሡ የሰውየውን ጥርስ ሲያይ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የሸረሪት ድር ሲያይ፣ ጅቡ ሳይታየው አለፈ። «ምንም አልተሰማኝም» አለ። ጠንቋዩ ጣቱን ሲያጮህ ሰውየው ጧፍ ሆነ። በራ። ግድግዳው ስር ተተከለ።

ሁለተኛው መጣ። ስለ ዘንዶ ተረተ። ንጉሡ የራሱን ጥፍር ሲያይ ዘንዶውም አለፈው። «ምንም አልተሰማኝም» አለ። ሁለተኛውም ጧፍ ሆነ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግድግዳው ስር የሰው ጧፍ ተደረደረ።

መጨረሻ ላይ በለጡ የምትባል ሴት ተወሰደች። በለጡ በመንደሩ ካሉት ሴቶች ሁሉ ረጅሟ ናት። ነጠላዋን የምትሰቅለው ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በተመታ መስቀያ ነው፣ ፍየሏ እንዳትበላባት። ልጇ ስንቅነሽ እዚያ ለመድረስ በርጩማ ላይ ትወጣለች። በለጡ አንድ ተረት አላት። መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ግን ስንቴም ቢሰማው ይፈራዋል። ያንን ለንጉሡ ተረተችለት። ንጉሡ መሃል ላይ ውሃ አምጡልኝ አለ። ጠጣና አዛጋ። «ምንም አልተሰማኝም» አለ። በለጡም ጧፍ ሆነች።

ሶስና። አጥፊው አልኩሽ እኮ። ግድግዳውን ነው የምታይው? ግድግዳ ነው፣ ቅድምም ግድግዳ ነበር። እኔ ሰው ጧፍ ሆነ ስል አንቺ የተላጠ ቀለም ታሳይኛለሽ። እንግዲህ አንዴ ብቻ ልለምንሽ።

ጧፍ ደግሞ ይነዳል፣ ሲነድ ያጥራል፣ መጨረሻው ላይ ያልቃል። ስንቅነሽ ወሬውን ስትሰማ የታያት ይሄ ነው። እናቷ ቆማ እየነደደች ነው። ካለቀች አለቀች።

ስንቅነሽ ደፋር እንዳትመስላችሁ። ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ ይጠፋል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። እንዲሁ እየተንቀጠቀጠች የእናቷን ነጠላ አውርዳ ለበሰችና መንገድ ጀመረች።

መንገድ ላይ ጉጉት አገኘች። ጉጉቷ ፊቷን በክንፏ ሸፍና እየተነጫነጨች ነው። ቀን መተኛት ልማዷ ነበር፣ ግን ቀኑ አላልቅ ብሎ የተኛችበት ጎን ቆሰለ። ስንቅነሽ ወዴት እንደምትሄድ ስትነግራት ከክንፏ አንድ ላባ ነቀለች። ይህን ስታወዛውዢው መብራት ይጠፋል አለቻት። «ለንጉሡም በቃን በይው።»

ትንሽ እንደሄደች የሌሊት ወፍ አገኘች። እሱ ደግሞ ተዘቅዝቆ ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል። ስሜ የሌሊት ወፍ ነው፣ ሌሊቱን ከወሰዱብኝ ወፍ ብቻ ልባል ነው? ወፍስ መቼ ሆንኩ? ይላል። ስንቅነሽን ሰምቶ ከክንፉ ጫፍ እንደ ጨርቅ ያለ ቁራጭ ሰጣት። ስትዘረጊው የፈለግሽውን መስኮት ይጋርዳል አላት። «ለንጉሡም በቃን በይው።»

ደግሞ ትንሽ እንደሄደች ጃርት አገኘች። ጃርቷ ገና ከጉድጓዷ ብቅ ስትል ሰው ያያትና ድንጋይ ይወረውርባታል። ድንች ቀምሳ አታውቅም ከዚያ ወዲህ። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ሰጠቻት። የታሸገ ነገር ሁሉ በዚህ ይበሳል አለቻት። ቀጥሎ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ።

«ለንጉሡም በቃን በይው።»

ጎሽ። አንድ ላይ ስትሉ እንዴት ያምራል።

ስንቅነሽ አዳራሹ ገባች። ብርሃኑ ዓይን ያማል። ጧፎቹ ግድግዳው ስር ተሰልፈዋል፤ አንዳንዱ ክንድ ያህላል፣ አንዳንዱ ጣት ያህላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። እናቷ የትኛዋ እንደሆነች አላወቀችም። ብትጠይቅ ንጉሡ ልጅዋ መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ ዝም ብላ እጅ ነሳችና ተረቱን ጀመረች። የእናቷን ተረት፣ ያንኑ።

«አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ቆለፈ። ቆየና ምን እንደቆለፈበት ረሳው።»

ንጉሡ ኩራዙን ከፍ አድርጎ አያት። ይሄንን ሰምቼዋለሁ፣ አንዲት ረጅም ሴት ነግራኛለች፣ ምንም የሌለው ተረት ነው አላት። ስንቅነሽ ድምፅዋ ሊጠፋ ነበር፣ አልጠፋም።

«ሰምተውታል፣ ንጉሥ ሆይ። አላዩትም።»

ንጉሡ ተናደደ፣ ግን ነገሩ ከነከነው። ቀጥይ አላት። ሰውየው ከመኝታው ተነሳ አለች። በኮሪደሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ከተቆለፈው በር ደረሰ። እዚያ ስትደርስ አቆመች። ንጉሡ ከዚያስ አላት። በሩ አይታየኝም አለችው፤ በግራና በቀኝ ያለው ፋኖስ በዛብኝ። ንጉሡ ተነጫነጨ፣ እምቢ አለ፣ ደግሞ ከዚያስ አላት። እሷ ዝም። መጨረሻ ላይ መሮት ፋኖሶቹን ብቻ አጥፊ አለ። የጉጉቷን ላባ አወዛወዘች። ፋኖሶቹ አንድ ባንድ ጠፉ። ያን ጊዜ ንጉሡ የገዛ ጥላውን ግድግዳው ላይ አየው። ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶት አያውቅም። ዞር ሲል ዞረ። እግሩን ሰበሰበ።

ስንቅነሽ ቀጠለች። ከበሩ በስተኋላ አንድ ነገር አለ አለች። ደግሞ አቆመች። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አላሳይ አለኝ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ፀሐይ የለም አለችው። ንጉሡ ልጅቱ ልታሳብደኝ ነው አለ። ግን ከበሩ በስተኋላ ያለውን ነገር ማወቅ ፈለገ። ጋርጂው አለ። የሌሊት ወፉን ቁራጭ ዘረጋችው፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተጋረዱ። አዳራሹ ጠበበ። ጣሪያው የት እንደሆነ ጠፋ። የቀሩት ጧፎቹና የንጉሡ ኩራዝ ናቸው። ንጉሡ ሳያስበው ወደ ስንቅነሽ ጠጋ አለ።

እናንተም ጠጋ ጠጋ ብላችኋል፣ አያችሁ?

አሁን ከተረቱ ሁሉ የሚያስፈራው ቦታ ደረሰ። በለጡ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ስንቅነሽም ዝቅ አደረገች።

«ሰውየው ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።»

ጧፎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ነደዱ። አንዷ ብቻ፣ ከጥግ ያለችው ግማሽ ድረስ የነደደችው፣ እሳቷን ዝቅ አደረገች።

እናቷ ናት።

ስንቅነሽ አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ለሦስተኛ ጊዜ አቆመች። ንጉሡ አሁን በሹክሹክታ ነው የሚናገረው፤ ምን ሰማ አላት። ጧፎቹ ሲነዱ ይንጫጫሉ፣ ዝም ካላሉ አይሰማም አለችው። ንጉሡ ኩራዙን ደረቱ ላይ ለጠፈና ይሄንንስ አልሰጥሽም አለ።

«ኩራዙማ ይኑር» አለችው። «አንድ ትንሽ ብርሃን ከሌለ ጨለማው ስንት እንደሚያህል በምን እናውቃለን?»

ላባውን አወዛወዘች። መጀመሪያ የጥጓን አጠፋች። ቀጥሎ ሌሎቹን። መጨረሻ ላይ በዚያ ሁሉ አዳራሽ አንድ ኩራዝ ቀረ፣ ከኩራዙ በላይ ደግሞ የንጉሡ ሁለት ዓይኖች። ዝም አለ። ሁሉም ነገር ዝም አለ። ከዚያ፣ ከዙፋኑ ስር፣ ቀስ ብሎ

«መጣ! መጣ!»

አይ። አይ እናንተ። መብራቱም ጊዜ ሲመርጥ እኮ። መጣ ብላችሁ መጮህ ምንድነው፣ መብራት አይታችሁ አታውቁም? ያው ተመልከቱ፣ ቆሻሻ መጣያው ይኸው፣ የጠፋው ነጠላ ጫማ ይኸው፣ ያፌት አፍንጫ ይኸው። ንጉሡ የታለ? ጋኑ የታለ? ሄደ። ሁለት ጊዜ አስጠፍቼ፣ ጋርጄ፣ ተለማምጬ እዚህ ካደረስኩት በኋላ አንድ አምፖል በላው። በቃ ተነሱ። ዳቦዬን ልፈልግበት።

ሶስና ወዴት ነሽ? ስልኩን ለምን ሰጠሽኝ?

አጠፋሽው። ራስሽ ሄደሽ የደረጃውን ማብሪያ አጠፋሽው።

እሺ። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። እጅሽ ቀዝቅዟል።

ከዙፋኑ ስር፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር ቧጠጠ። ቋ። ቋ። ቋ። ሌሊት ነው፣ ጋኑን ከውስጥ የሚቧጥጠው። ሁልጊዜም ይቧጥጥ ነበር፣ ንጉሡ በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ሰምቶት አያውቅም። ፀጉሩ ቆመ። ቆሞም ዘውዱን ከፍ አደረገው። ሰውየው ከዚያ ምን አደረገ ብሎ ጠየቀ፣ ጥርሱ እየተጋጨ።

«እሱን የሚያውቀው የቆለፈው ሰው ነው» አለችው።

ንጉሡ ይህን ሲሰማ ተንበረከከ። ስንቅነሽ የጃርቷን እሾህ ሰጠችው። የንጉሡ እጅ ተንቀጠቀጠ፣ የሷም ተንቀጠቀጠ፣ ማንም በማንም ላይ አልሳቀም። ጭቃውን ወጋው።

ሌሊት ወጣ። ጥርስ የለው፣ ቀንድ የለው። ቀዝቀዝ ያለ፣ የዝናብ ሽታ ያለው ነገር ነው። በንጉሡ ጉንጭ አልፎ፣ በመስኮቱ ወጥቶ፣ ያቺን ተሰቅላ የቀረችውን ፀሐይ ቀስ አድርጎ ሸፈናት። ከዚያ ከዋክብቱ ታዩ። ንጉሡ ቀና ብሎ አያቸው። ቢፈራም ዓይኑን መንቀል አልቻለም። እያያቸው አለቀሰ። ኩራዙ እጁ ላይ ጠፋ፣ እሱ መጥፋቱንም አላወቀ። ስንቅነሽም የተላከችበትን ያን ጊዜ ነገረችው፤ ጉጉትም፣ የሌሊት ወፍም፣ ጃርትም በቃን ብለውዎታል አለችው። በቃችሁ አለ ንጉሡ። እኔንም በቃኝ።

ጠንቋዩስ? እንቅልፍ ካጣ ቆይቶ የለ፣ እንደጨለመ እዚያው የቆመበት ወደቀና አንኮራፋ። እሱ ሲተኛ ድግምቱም ተኛ። ጧፎቹ ጨሱ። አንዱ ሳለ፣ ሌላው ሳለ፣ ሁሉም እየሳሉ ሰው ሆነው ተነሱ።

በለጡም ከጥግ ተነሳች። ግን የነደደው አልተመለሰም። አጥራ ተነሳች። የዚያች ረጅም ሴት ቁመት የልጇ ትከሻ ላይ ቀረ። ቀና ብላ ስንቅነሽን አየቻት።

«አደግሽ እንዴ?» አለቻት።

ስንቅነሽ ነጠላውን እናቷ ላይ ጣል አደረገች፣ ጫፉ መሬት ነካ። ተያይዘው በጨለማው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በየቤቱ ሰው ሁሉ እያንኮራፋ ነው። ጃርቷ ብቻ ከአንዱ ማሳ ውስጥ ድንች ስትቆረጥም ይሰማል።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ይሄ ነው። በለጡ የተረተችውና ስንቅነሽ የተረተችው አንድ ተረት ነው፣ ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ብርሃኑ ነው። ሁሉ ከበራ የሚያስፈራም የሚያጓጓም የለም። ሁሉ ከጨለመ ደግሞ የሚታይ የለም። ተረት ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ጨለማው ያስፈራን፣ ትንሿ ብርሃን ደግሞ ምን ይመጣ ይሆን ታሰኘን። አስተማሪዬንም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። ቁጭ በይ፣ ጎበዝ አሉኝ። ቁጭ ስል ወንበሩን ሳትኩት፣ እሱን ግን ለማንም አትናገሩ።

ተረቴን መልሱ፣ የጣላችሁትን ዳቦ ፈልጋችሁ አፌን አብሱ።

ደግሞ ምንድነው ያፌት? እጅህን አታውጣ፣ ክፍል አይደለም፣ ጠይቅ።

«በነጋታው ስንቅነሽ ምን አደረገች?»

በነጋታው ነጋ። በዚያ አገር ከስንት ጊዜ በኋላ የነጋ ንጋት ነው። ዶሮዎቹ በተዘጋ ድምፃቸው ጮሁ። መንደሩ ሁሉ ፀሐይ ስትወጣ ሊያይ ወደ ሜዳው ሮጠ፣ ንጉሡም በባዶ እጁ አብሮ ሮጠ። ስንቅነሽ አልሄደችም። እናቷ ሳትነቃ በርጩማው ላይ ወጣች። ያንን ከፍ ያለውን መስቀያ ነቀለች። ወረደችና፣ በእጇ ከትከሻዋ እስከ ወለሉ ለክታ፣ እናቷ እንድትደርስበት ዝቅ አድርጋ መታችው።